የወንዝ ጠለፋ ምንድን ነው?

ጠለፋ ሲባል ልብስ ላይ የሚሠራው ጥልፍም፣ በትግል እግር ጠልፎ መጣልም ትዝ ይላል። ለወንዝ የሚቀርበው የትግሉ ነው። ጠላፊው ባላጋራውን ፊት ለፊት ገፍቶ አያቆመውም፤ እግሩን ያስተውና በገዛ ጉልበቱ ወደ ሌላ ወገን ይወስደዋል።

የወንዝ ጠለፋም ውሃ አያጠራቅምም። ብዙ ሰው ከማጠራቀሚያ ግድብ ጋር ያምታታዋል። ማጠራቀሚያው የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቆያል፤ ጠለፋ ግን ወንዙ በዚያ ቀን ካለው በላይ አይሰጥም። አጭር ግንብ ወንዙን አቋርጦ ይሠራና ውሃው ከፍ ብሎ ወደ ቦይ አፍ ይገባል፤ የተረፈው በግንቡ ላይ ይፈሳል።

ለእኔ ከግንቡ ይልቅ የሚደንቀኝ ቦዩ ነው። ከጣርማበር ወደ ሸዋሮቢት ስንወርድ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተን ወደ 1,300 ሜትር ገደማ እንደርሳለን። በዚህ ቁልቁለት ወንዝ ይሮጣል። ቦዩ ግን የተራራውን ወገብ ይዞ፣ ዘቅዘቅ ሳይል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ እየራቀ በሄደ ቁጥር ከወንዙ አልጋ በላይ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ሞተር ማሳ ላይ የሚወጣውም በዚህ ነው። በበጋ ከቦዩ በታች ያለው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከቦዩ በላይ ያለው ተዳፋት ደርቆ ይታያል። ውሃው ሁሉ ከተጠለፈ ደግሞ የወንዙ አልጋ ጠጠር ብቻ ይቀራል፤ ወንዙ በቦዩ ሄዷል ማለት ነው።

የግርጌው ገበሬ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ውሃውን ለገበሬዎች የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ተራ የሚያስከብረውም ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ዳኝነቱ በአንድ ቦይ ተጠቃሚዎች መካከል ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ በታች ለሚኖረው ሰውና ለሚጠጣው ከብት የሚቆምለት የለም። ከጠለፋው በታች የሚለቀቅ ውሃ ገና ሲነደፍ መወሰን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከገደሉ የሚወርድ ወንዝ ሜዳ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንስና ድንጋዩንና ደለሉን ይጥላል፤ በራሱ ደለል ላይም አልጋውን ይቀያይራል። ግንቡ ይህን ያባብሰዋል፦ ከኋላው ደለል ይሞላል፤ ከፊቱ ደግሞ ደለሉን ያራገፈው ውሃ መሬቱን ይቦረቡራል። ለዚህ ነው ደለል ማጠቢያ በር ከቦዩ አፍ አጠገብ የሚበጀው። ከድንጋይ፣ ከቅርንጫፍና ከጭቃ የሚሠራውን ባህላዊ ጠለፋ ጎርፍ በየክረምቱ ስለሚጠርገው ገበሬው በበጋ መልሶ ይሠራዋል። የሲሚንቶው ግንብ ግን ይቆያል። ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ ደለል እንዳይሞላ የቦዩ አፍ በር ይዘጋል፤ ወንዙም ወደ ቀድሞ አልጋው ይመለሳል። አንዳንዴ ግንቡን ትቶ ዳር ሰብሮ አዲስ መንገድ የሚያወጣውም ያኔ ነው።