የፖለን መቶኛ ምንድን ነው?

«ከረግረግ ደለል ከወጣው ፖለን (የአበባ ብናኝ) ውስጥ 40 በመቶው የዝግባ ከሆነ፣ ከጥንቱ ደን 40 በመቶው ዝግባ ነበር።» የእንጦጦና የመናገሻ ደን በተነሣ ቁጥር ይህ ክርክር ይመጣል፤ ስህተት ነው። የፖለን መቶኛ በማይክሮስኮፕ ከተቆጠሩት ቅንጣቶች ውስጥ የአንዱ ዕፅ ድርሻ እንጂ የዛፍ ቆጠራ አይደለም።

ነገሩ የእድር ስብሰባን ከአዳራሹ ውጭ ሆኖ እንደ ማዳመጥ ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ የሰው ብዛት ግን አይታይም። ዝግባ ጯሂ ነው፦ ፖለኑ በሁለት የአየር ከረጢት ስለሚንሳፈፍ ማዶ ተራራ ላይ ያለው እዚህ ይሰማል። ግራር ቅንጣቶቹን አጣብቆ በነፍሳት ስለሚልክ በሹክሹክታ የሚናገር ነው፤ ከረግረጉ ዳር ቆሞም ላይሰማ ይችላል።

«እሺ፣ ከታችኛው ንብርብር 25፣ ከላይኛው 50 በመቶ ከተገኘ ግን ዝግባ መጨመሩ አይካድም» የሚልም አለ። ይካዳል። ከታች 150 ሣርና 50 ዝግባ፣ ከላይ 50 ሣርና 50 ዝግባ ተቆጠረ እንበል። ዝግባው ያው 50 ነው። ሣሩን ከብት ሳያብብ ግጦት ይሆናል። ስብሰባው ላይ አንዱ ዝም ሲል የሌላው ድርሻ ያድጋል፣ ያ ሰው አንድ ቃል ባይጨምርም።

ለዚህ መፍትሔው የላይኮፖዲየም (አበባ የሌለው ዕፅ) ስፖር፣ ማለትም የመራቢያ ቅንጣት፣ በታወቀ ቁጥር የያዘ እንክብል ነው። በ1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ደለል ላይ የሚጨመረው ገና ከመጀመሪያው፣ ፖለኑን ከደለሉ ለመለየት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲገባ ነው፤ ዘግይቶ ከተጨመረ በእጥበት የጠፋውን ፖለን አይከታተልም። 10,000 ስፖር ተጨምሮ፣ 100 ስፖርና 50 ዝግባ ከተቆጠረ፣ በናሙናው ውስጥ 5,000 የዝግባ ቅንጣት አለ። በላይኛውም በታችኛውም 5,000 ከሆነ፣ የመቶኛው እጥፍ መሆን ስለ ዝግባ ምንም አይናገርም። ይህም ቢሆን ደለሉ የተጠራቀመበት ፍጥነት ካልታወቀ በቂ አይደለም፤ በፍጥነት የተከመረ ጭቃ ፖለኑን ያሳሳዋል። ስለዚህ በራዲዮካርቦን ዕድሜውን ማወቅ ግድ ነው።

ቆጣሪውም ያሳስታል። የዝግባ ከረጢት በዝግጅት ጊዜ ይገነጠላል፤ ብቻውን የተገኘ ከረጢት ግማሽ ተብሎ መያዝ አለበት፣ አለዚያ አንዱ ቅንጣት ሁለት ይሆናል። የጥድ ፖለን ደግሞ ከረጢት የለውም፤ ክብ፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን «ያልታወቀ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥዱን ከታሪኩ ያጠፋዋል። ከጥድ ደን ሥር ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም።

ናሙናውም ከየትም አይወሰድም። በሱሉልታ ሜዳ ያለው ዓይነት ጥቁር ኮትቻ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ የላዩ አፈር ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ እየረጠበና እየደረቀ ሲፈራረቅም ፖለኑ ይበላሻል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የማይለየው ረግረግ መፈለግ አለበት። ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው ከተባለ ንብርብር የባሕር ዛፍ ፖለን ከወጣ፣ ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ስለሆነ፣ ወይ ንብርብሩ ተቀላቅሏል ወይ መሣሪያው አልታጠበም፤ ያንን ናሙና ለመቶኛ ስሌት ማስገባት አይገባም።