እግዚአብሔር ሰውን ለምን ፈጠረ?

እግዚአብሔር ብቸኝነት ስለተሰማው ነው ሰውን የፈጠረው ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። አባባሉ ልብ ይነካል። የክርስትና ትምህርት ግን እንዲህ አይልም።

ኢየሱስ ከመያዙ በፊት ሲጸልይ አብን ዓለም ሳይፈጠር ወደድኸኝ ይለዋል (ዮሐንስ 17፥24)። እስቲ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ሰማይና ምድር ሳይኖሩ፣ ጊዜ ራሱ ሳይቆጠር፣ በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስም መካከል ፍቅር ነበረ ማለት ነው። የሚናፍቀው ሰው አልነበረም፤ የጎደለውም ነገር የለም። ጳውሎስ በአቴና አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ ሲናገር ይህንኑ ነው ያለው፦ እግዚአብሔር አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም (ሐዋርያት ሥራ 17፥25)። መዝሙር 50 ላይም ብራብ እንኳ ለአንተ አልነግርህም፣ ዓለሙ ሁሉ የእኔ ነውና ይላል።

ታዲያ ካልጎደለው ለምን ፈጠረን? በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ የሰጠው መልስ እስካሁን የሚበልጠው አላገኘሁም። አዳምን የፈጠረው ሰው አስፈልጎት ሳይሆን በጎነቱን የሚያፈስበት እንዲኖረው ነው ይላል። ፍቅር ሲሞላ ይፈስሳል፣ ያካፍላል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የተፈጠርነው ለጥቅም ቢሆን ኖሮ ዋጋችን በጥቅማችን ልክ ይሆን ነበር፤ የታመመ፣ ያረጀ፣ መሥራት ያቃተው ሰው ምን ሊባል ነው?

በጥንቱ ዓለም እንዲህ የሚያስቡ ነበሩ። በባቢሎናውያን የፍጥረት ትረካ ሰው ከተገደለ አምላክ ደም የተሠራው የአማልክቱን ሥራ ተሸክሞ እነሱን እንዲያሳርፍ ነው። ባጭሩ ጉልበት ነው። ዘፍጥረት ላይ ግን ሰው በ6ኛው ቀን ይፈጠርና በማግስቱ የሚያገኘው የዕረፍት ቀን ነው። ገና ምንም ሳይሠራ! ደግሞ በዚያ ዘመን በግብፅም በመስጴጦምያም የአምላክ መልክ የሚባለው ንጉሡ ነበር፤ ዘፍጥረት 1፥27 ያንን ክብር ለሰው ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም ይሰጣል።

በእግዚአብሔር መልክ መፈጠር ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ብለዋል። አንዳንዱ አእምሮንና ነጻ ፈቃድን ያነሳል፣ አንዳንዱ ምድርን የመግዛት ሥልጣንን፣ ሌላው ደግሞ ከእግዚአብሔርና ከሰው ጋር በፍቅር መኖር መቻልን። ሦስቱም ልክ ይመስሉኛል። ሥራም ቢሆን ከመጀመሪያው አለ፤ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው (ዘፍጥረት 2፥15)። እነዚያው ሁለት የዕብራይስጥ ግሦች ዘኍልቍ 3 ላይ ሌዋውያን በመገናኛው ድንኳን ለሚያገለግሉት አገልግሎት ተመልሰው ይመጣሉ። መቆፈርና መኮትኮትም እንደ ክህነት ተቆጠረ ማለት ነው።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያስቸግረው ጥቅስ እንምጣ። ኢሳይያስ 43፥7 እግዚአብሔር ለክብሬ የፈጠርሁት ይላል። ምስጋና ለመሰብሰብ ነው እንዴ የፈጠረን? ሦስት ቁጥር ወደ ላይ ውጡና አንብቡ። እዚያ በዓይኔ ፊት የከበርህ ነህ፣ ወድጄሃለሁ ይላል፤ የሚናገረውም ስደት ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ክብሩን የሚያየው የወደዳቸውን ሰብስቦ ሲያመጣቸው ነው። በ1647 የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር አጭር ካቴኪዝም (ፕሮቴስታንቶች እምነትን በጥያቄና መልስ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ) የመጀመሪያ ጥያቄው የሰው ዋና ዓላማ ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ መልሱ እግዚአብሔርን ማክበርና ለዘላለም በእርሱ ደስ መሰኘት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የተቀመጡት። በአማርኛው የተዋሕዶ ትምህርት ደግሞ ሰው የተፈጠረው «ስሙን ቀድሶ ክብሩን ወርሶ» እንዲኖር ነው ይባላል። እኔ «ወርሶ» የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ውርስ የሚሰጠው ለልጅ ነዋ! ሁለተኛ ጴጥሮስ 1፥4 ከዚህም አልፎ የመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች እንድንሆን ይላል።

እንደምንወድቅ እያወቀ ለምን ፈጠረን የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ልጁን ለቀበረ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም። ክርስቲያኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት፣ እምቢ ማለት የማይችል ፍጡር እሺ ቢልም ወደደ አይባልም ነው። መጽሐፉ ግን ሌላም ነገር ይጨምራል። ክርስቶስ ዓለም ሳይፈጠር አስቀድሞ የታወቀ በግ ነው (1ኛ ጴጥሮስ 1፥19-20)። መድኃኒቱ ከበሽታው በፊት ታስቦ ነበር። አዳም በበደለ ጊዜም እግዚአብሔር መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው ወዴት ነህ ብሎ ነው።

ከዚህ የተነሳ በመካከለኛው ዘመን አንድ ክርክር ነበር፦ አዳም ባይበድል ኖሮ ቃል (ወልድ) ሥጋ ይሆን ነበር ወይ? የ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ መጽሐፍ ቅዱስ ሥጋዌን (ሰው መሆኑን) ሁልጊዜ ከኃጢአት ጋር ስለሚያያይዘው ባይበድል አይሆንም ነበር ወደሚለው ያደላል፤ ኃጢአት ባይኖርም እግዚአብሔር ሥጋ መልበስ ይችል እንደነበር ግን አይክድም። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሊቅ ዮሐንስ ዱንስ ስኮተስ ደግሞ የክርስቶስ መምጣት ከሁሉ በፊት የታሰበ ስለሆነ በደል ባይኖርም ይመጣ ነበር ይላል። ሁለቱንም ሳነብ ልቤ ወደ ስኮተስ ያደላል፤ ሮሜ 8፥29 ልጁ በብዙ ወንድሞች መካከል በኵር ይሆን ዘንድ ሲል፣ ወንድሞቹ እንድንሆን አስቀድሞ የፈለገን ይመስለኛልና።