የአክሰስ ፖይንት የሬዲዮ ቅንብር

አክሰስ ፖይንት በገመድ የመጣውን ኔትወርክ በሬዲዮ ሞገድ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። የሬዲዮ ቅንብሩ ሲባል መሣሪያው በየትኛው ባንድ (የሬዲዮ ድግግሞሽ ክልል) እና ቻናል (የባንዱ አንድ ክፍል)፣ በምን ያህል የቻናል ስፋትና በምን ያህል ኃይል እንደሚያሰራጭ የሚወስኑት ምርጫዎች ናቸው። በአማርኛ ስለ ዋይፋይ ሲጻፍ ወሬው በአብዛኛው የይለፍ ቃል መቀየር ላይ ያበቃል፤ የኔትወርክ ባለሙያ ብቃት የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው።

መነሻው እ.ኤ.አ. 1985 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ ጥቂት ባንዶች ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ ፈቀደ። ዋይፋይ የሚሠራበት የ802.11 መስፈርት የመጀመሪያው በ1997 ወጣ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ቢበዛ 2 ሜጋቢት ነበር።

ቴክኒሻን አብዛኛውን ጊዜ የሚታገለው ከ2.4 ጊጋኸርዝ ጋር ነው። ቻናሎቹ ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ሲሆኑ (14ኛው ጃፓን ውስጥ ብቻ፣ ለድሮው የዋይፋይ ዓይነት ለ802.11ቢ) የአንዱ መሐል ከሚቀጥለው የሚርቀው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንድ ስርጭት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ቦታ ይይዛል። ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩት እንግዲህ 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በ1 እና በ6 መካከል ባዶ ቦታ ያገኘ መስሎት 3ን የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ወገን ይረብሻል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ ስለሚሰሙ ተራ ይጠብቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን የሌላውን ስርጭት መፍታት ስለማይችሉ ጫጫታ ይሆንባቸዋል፤ መረጃ ይጠፋል፣ እንደገናም ይላካል። 13 ቻናል በተፈቀደባቸው አገሮች 1፣ 5፣ 9 እና 13ን መጠቀም ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ 1፣ 6 እና 11 ላይ በተቀመጠበት ኮንዶሚኒየም ግን ጥቅሙ ያጠራጥራል። በዚህ ባንድ ላይ 40 ሜጋኸርዝ ስፋት መክፈት በተጨናነቀ ሕንፃ የሚያከራክር አይደለም፦ መተው ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚሁ ሰፈር ውስጥ ይረብሻል።

5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ግን የበለጠ ይከብደዋል። ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች ቀላሎቹ ናቸው። ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉትን ራዳር ስለሚጋራቸው ዲኤፍኤስ የሚባለው፣ ለራዳር ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፦ መሣሪያው ከማሰራጨቱ በፊት 60 ሰከንድ ያዳምጣል፤ ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቻናሉን ለቅቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስም። በአውሮፓ ለአየር ጠባይ ራዳር በተያዘው ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል ማዳመጡ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። በፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን አውሮፕላን ማረፊያን የሚያገለግለው የአየር ጠባይ ራዳር በኢንተርኔት አቅራቢዎች መሣሪያ ተረብሾ የአሜሪካው ኮሚሽን ቅጣት ጥሏል። ስለ ቻናል ስፋት፦ ከ20 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 80 ሜጋኸርዝ በተሻገርን ቁጥር ተቀባዩ የሚሰማው ጫጫታ በ3 ዲቢ (ዴሲቤል)፣ ማለትም በእጥፍ ይጨምራል፣ የነፃ ቻናሎች ቁጥርም ይቀንሳል። ብዙ አክሰስ ፖይንት ላለበት ቢሮ 20 ወይም 40 ይበቃል። 6 ጊጋኸርዝ የተባለው ሌላ ባንድ ደግሞ በአሜሪካ በ2020 ለዋይፋይ ተከፍቷል።

የስርጭቱ ኃይል የሚለካው በዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዲቢ) ነው፤ 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት ነው፣ 3 ሲቀንሱለት በግማሽ ይወርዳል። የጀማሪ ስሜት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጎትታል። ነገር ግን ስልክ ከአክሰስ ፖይንት ባነሰ ኃይል ስለሚልክ ኃይሉን ጣሪያ ማድረስ ድምፅ ማጉያ ይዞ መልስ እንደማይሰማ ተናጋሪ ያደርጋል፦ ስልኩ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ መልእክቱ ግን አይደርስም። ከዚህም በላይ ስልኩ ሩቅ ያለውን አክሰስ ፖይንት አልለቅም ብሎ ይጣበቃል፤ ሮሚንግ (ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው መሸጋገር) ይበላሻል። በ2.4 ላይ ኃይሉን ከ5 ጊጋኸርዝ በጥቂት ዲቢ ዝቅ ማድረግ የተለመደና፣ በእኔ አስተያየት፣ ተገቢ ልማድ ነው። የአንቴናው ጌይን (ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ በማሰባሰብ የሚያጠናክርበት መጠን፣ በዲቢአይ የሚለካ) እንደሚደመር መርሳት አይገባም፦ 20 ዲቢኤም በ6 ዲቢአይ አንቴና ሲወጣ 26 ዲቢኤም ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቅንብሮች ስውር ናቸው። አክሰስ ፖይንት በተለምዶ በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ቢከን (መኖሩን የሚያሳውቅ አጭር መልእክት) ይልካል፤ ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ስም ለየብቻ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት። 1 ሜጋቢት ክፍት ከሆነና አምስት ስም ከተደረደረ አየሩ ገና ተጠቃሚ ሳይገባ ይጨናነቃል። የ802.11ቢን ፍጥነቶች መዝጋት መፍትሔ ነው፤ አሮጌ የካርድ ማሽን ወይም ፕሪንተር ሊቋረጥ ስለሚችል ግን አንዳንዶች አይመክሩትም።

የአገር ኮድ፣ ማለትም መሣሪያው የየትኛውን አገር የቻናልና የኃይል ሕግ እንደሚከተል የሚወስነው ምርጫ፣ ማስዋቢያ ሳይሆን የሕግ ወሰን ነው። ተጠቃሚ የአገር ኮድ በመቀየር ከተፈቀደው በላይ ኃይል እንዲያወጣ ያስችሉ በነበሩ ራውተሮቹ ምክንያት ቲፒ-ሊንክ በ2016 ለአሜሪካው ኮሚሽን 200,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በኢትዮጵያ የስፔክትረም (የሬዲዮ ድግግሞሾች) አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ነው፤ ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሲተከል ኮዱ ወደ ኢትዮጵያ መቀየሩ መጀመሪያ ይታያል።