ሃይድሮሊክ ታፔት ምንድን ነው? ማጠብስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሞተር ባንኳኳ ቁጥር «ታፔቱ ቆሽሿልና በናፍታ ይታጠብ» የሚለው ምክር ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ተለምዷል። በቅርቡም አንድ መካሪ ናፍታ ከሞተር ዘይቱ ጋር ቀላቅሎ ሞተሩን ለሩብ ሰዓት ማስነሳት እንደሚበቃ ለአንድ የአሮጌ ኮሮላ ባለቤት ሲያስረዱ አነበብሁ፤ መኪናው ሃይድሮሊክ ታፔት ይኑረው አይኑረው ግን አልጠየቁም።

ሃይድሮሊክ ታፔት ቫልቮችን፣ ማለትም የሞተሩን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮች፣ እየገፋ በሚከፍተው ዘንግ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት በሞተሩ ዘይት ግፊት እየሞላ ራሱን የሚያስተካክል ዕቃ ነው። በውስጡ በሺህኛ ሚሊሜትር ልክ የተገጣጠመ ትንሽ ፒስተን፣ ስፕሪንግ፣ እንዲሁም የገባው ዘይት እንዳይመለስ የሚዘጋ ኳስ አለ። እጀታው የላላ መጥረቢያ ሽብልቅ ሲመታበት መወዛወዙን እንደሚተው ሁሉ፣ ይህም በየምቱ ራሱን የሚያጠብቅ የዘይት ሽብልቅ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር ካምሻፍቱ የዚያን ግማሽ ስለሚዞር፣ ሽብልቁ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይመታል። ዝቃጭ ኳሱን ወይም ፒስተኑን ሲይዘው ሽብልቁ ይላላል፣ ቀጭን ጠቅታም ይሰማል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁን ማፈን መጥረቢያውን ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ እንጨቱ አብጦ ለጊዜው ይጠብቃል፣ ሲደርቅ መልሶ ይላላል። እጀታው ራሱ ከተሰነጠቀ፣ ማለትም ካምሻፍቱ ከተበላ ወይም የዘይት ፓምፑ ከደከመ፣ ሽብልቁን ማጽዳት ምን ይጠቅማል?

በመንገዳችን ሁልጊዜ የምናያቸው 4ኤ እና 5ኤ ሞተር ያላቸው ኮሮላዎች፣ ባለ 1ኤችዜድ ናፍታ ላንድክሩዘርም ጭምር፣ ሃይድሮሊክ ታፔት ጨርሶ የላቸውም። ክፍተታቸው በአብዛኛው የሚስተካከለው ሽም በሚባል፣ በውፍረቱ በሚመረጥ ክብ ብረት ነው፤ በ1ኤችዜድ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ለማስገቢያ ቫልቭ ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለማስወጫ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር መሆን አለበት። እዚህ ላይ የሚታጠብ ነገር የለም። ናፍታው ግን ዘይቱን አቅጥኖ ብሮንዚኑን፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ለስላሳ የብረት ልባስ፣ ያስበላል፣ በአንድ ጊዜ የተፈነቀለው ዝቃጭም የፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ታፔቱ በእርግጥ ሃይድሮሊክ ቢሆንም መጀመሪያ የዘይቱ ልክ ይታይ፤ ሲያንስም ሆነ ሲበዛ አየር ስለሚቀላቀልበት ታፔቱ ያንኳኳል። በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ተነሥቶ ለጥቂት ሴኮንድ አንኳኩቶ ዝም የሚል ሞተር፣ ሌሊቱን ዘይቱ ወርዶበት ነውና አልታመመም። የዓባይን በረሃ ወጥታ ደጀን ስትደርስ፣ ሞተሯ ግሎ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር፣ የምታንኳኳ መኪና ግን ዘይቱ ሲቀጥን ግፊቱ ወርዶባት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንም ሳይነካካት የዘይት ግፊቷ በጌጅ ይለካ።

ዝቃጩ ቀላል ከሆነ፣ አምራቹ ባዘዘው ዘይት ጊዜውን አሳጥሮ ደጋግሞ ከነፊልትሮው መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ ታፔቶቹ በተራቸው ተለይተው ይወጣሉ፣ ተፈትተውም በንጹሕ ናፍታ ይታጠባሉ፤ የናፍታ ቦታው ይህ ነው። የአንዱ ፒስተን ከሌላው አካል ጋር ፈጽሞ መቀያየር የለበትም። ከዚያም ንጹሕ ዘይት ተሞልቶ በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር አለበትና እንደገና ይሞላል። ተገጥሞ ሲነሣ የቀረው አየር እስኪወጣ ጥቂት ማንኳኳቱ ስለማይቀር፣ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ነዳጅ መርገጥ አይገባም።