ስለ ድሮ የጭራቅ ፊልሞች የሚባለውና እውነታው

ደሴ ላይ ቅዳሜ ማታ ብርዱ ውጭ አያስቀምጥም። ስለዚህ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ይፈላል፣ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ የ1950ዎቹ የጭራቅ ፊልም ይታያል። ግዙፍ ጉንዳን፣ ከባሕር የወጣ አውሬ፣ ከሰማይ የወደቀ ሰው በላ ሙጫ። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታዲያ አቦሉ ሳይቀዳ ያው አስተያየት ይጀመራል። "ኧረ ይሄ ምንድነው? ጎማ የለበሰ ሰውዬ!" ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ስለሰለቸኝ ጽፌ ልገላገለው። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

"ጎድዚላ በሳንቲም የተሠራ ፊልም ነው"

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይሄን ነው። ከሁሉም በላይ የተሳሳተውም እሱ ነው። ቶሆ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ በ1954 ያወጣው የመጀመሪያው ጎድዚላ፣ ከባሕር የወጣ አውሬ ቶኪዮን የሚያፈርስበት ፊልም፣ በጊዜው በአገሩ በጣም ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው ፊልሞች አንዱ ነበር። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ፣ የኢፌክቱ ኃላፊ ደግሞ ኤጂ ሱቡራያ ነው። ሱቡራያ የ1933ቱን የግዙፍ ጎሪላ ፊልም፣ ኪንግ ኮንግን፣ አይቶ ልቡ የተሰረቀ ሰው ነበር። እንደዚያ ፊልም ትንሽ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሰ ፍሬም በፍሬም ቢቀርጽ ደስ ባለው። ይሄ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ የተሰጠው ጊዜ የወራት ነው። በዚህ ምክንያት ሰው የአውሬው ልብስ ውስጥ ገባ።

የርካሽነት ስሙ የመጣው ኋላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጀቱ ሲሳሳ፣ ከቀድሞ ፊልሞች የተቆረጡ ትዕይንቶችን መልሰው ይጠቀሙ ጀመር። ያኛውን ብትተቹ አልከራከርም።

"ሰው አልብሶ ማስጨፈር ማን ያቅተዋል?"

እስቲ ሞክሩት። ልብሱን የለበሰው ሃሩኦ ናካጂማ ይባላል። የመጀመሪያው ልብስ ወደ 100 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ ግትር ከመሆኑ የተነሳ ጥቂት እርምጃ እንኳ በቅጡ አያስኬድም። በመጨረሻ ለሁለት ተቆረጠና የታችኛው ክፍል እግር ብቻ ለሚታይበት ቀረጻ ዋለ። ናካጂማ እንስሳቱ ክብደታቸውን እንዴት እንደሚጥሉ ለማየት መካነ አራዊት ሄዶ ዝሆንና ድብ ሲያጠና ነበር። እስከ 1972 ድረስም ያንን አውሬ ሆኖ ሠርቷል።

አሁን ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ልንገራችሁ። የቶኪዮ ሕንፃዎች የተሠሩት 25 እጥፍ አንሰው ነው። ችግሩ ትንሽ ነገር ሲወድቅ ቶሎ ማረፉ ነው። የ25 ሜትር ሕንፃ በ1 ሜትር ሞዴል ቢተካ፣ ከአናቱ የሚረግፈው ፍርስራሽ መሬት የሚነካው በአንድ አምስተኛው ጊዜ ነው። ዓይናችን ይሄን ወዲያው ይነቃበታል። ዘዴው ካሜራውን ማፍጠን ነው። በሰከንድ ከተለመደው 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በላይ ይቀረጽና በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ሁሉም ነገር ይዘገያል። ሲዘገይ ይከብዳል፣ ሲከብድ ትልቅ ይመስላል። ግን ፍሬም በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያገኘው ብርሃን ያንሳል። ስለዚህ መብራት ይጨመራል፣ መብራት ሲጨመር ሙቀት ይመጣል። እዚያ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ያ ሰውዬ አለ! በዚያ ላይ ቀረጻው ሲታይ ስለሚዘገይ፣ እሱ ፈጠን ብሎ መንቀሳቀስ አለበት። "ማስጨፈር" ለሚለው እንግዳ ይሄን ስነግረው ቢያንስ ለአንድ ሲኒ ያህል ዝም ይላል።

"ጩኸቱ የአንበሳ ነው"

አይደለም። የእንስሳት ድምፅ ተሞክሮ አልሆን አለ። የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ የትልቁን ቫዮሊን መሰል መሣሪያ፣ የደብል ቤዝን ክር ላላ አድርጎ፣ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት እንዲጎተት አደረገ። የተቀዳው ድምፅ ፍጥነቱ ተለወጠና ያ የሚያንገሸግሽ ጩኸት ወጣ። ዛሬም በአዲሶቹ ፊልሞች የምንሰማው የዚያ ጓንት ዘር ነው።

"ጥቁርና ነጭ የሆነው ድሮ ቀለም ስላልነበረ ነው"

ቀለም በ1930ዎቹም ነበር። ውድ ስለሆነ ነው የተተወው። የ1954ቱ የአሜሪካ የጉንዳን ፊልም ራሱ በቀለምና በስሪዲ ሊሠራ ታስቦ ነበር፣ አልተሳካም። ጥሩ ሆነ እላለሁ። ጥላ የሽቦውንና የስፌቱን ገመና ይሸፍናል። ጉምም እንደዚያው ነው፤ እነሱ ስቱዲዮ ውስጥ በማሽን ያመርቱታል፣ ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሀረጎ ላይ በነፃ ነው። የፊልም ባለሙያዎቻችን እዚያ መንገድ ላይ እስካሁን አንድ ጭራቅ አለመቅረጻቸው ይገርመኛል።

"እነዚህ የልጆች ፊልሞች ናቸው"

መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። 23 አሣ አጥማጆች የነበሩበት አንድ የጃፓን ጀልባ ላይ የመርዙ አመድ ዘነበ። የጀልባው የሬዲዮ ሠራተኛ በመስከረም ሞተ። ጎድዚላ ሲኒማ የገባው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ባሕር ላይ በድንገተኛ ብልጭታ በምትጋይ መርከብ ነው። የጃፓን ተመልካች ስለምን እንደሚወራ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

አንድ ትዕይንት አለ። ከተማው ሲነድ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። "አሁን አባታችሁ ጋ እንሄዳለን" ትላቸዋለች። እኛ ቤት ይሄ ሲታይ የወዳጃችን እናት ሁለተኛውን ጀበና ይዘው ቆመው ነበር። ፊልም የማይወዱ ሰው ናቸው። አንድ ወጣት ትርጉሙን ነገራቸው። "አይ እናት" ብለው ጀበናውን አስቀመጡና እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ጎማው ትዝ ያላቸው አይመስለኝም።

ለልጆች ነው የሚለው ወሬ ምንጭ አለው። በ1956 አሜሪካ የገባው ቅጂ ተቆራርጦ፣ ሬይመንድ በር የተባለ ተዋናይ ጋዜጠኛ ሆኖ ተጨምሮበት ነው የታየው። ስለ ቦምቡ የሚያነሳው ክፍል ብዙው ቀረ። አጥንቱ ሲወጣለት በእርግጥ አውሬና ሕንፃ ብቻ ይቀራል።

"ገንዘብ ከሌለ ሥራው ይበላሻል"

ሁልጊዜ አይደለም። በ1955 በወጣ አንድ ፊልም ግዙፍ ኦክቶፐስ የሳንፍራንሲስኮን ድልድይ ያፈርሳል። የኢፌክት ባለሙያው ሬይ ሃሪሃውሰን አሻንጉሊቱን የሠራው ስምንት ሳይሆን ስድስት እጅ አድርጎ ነው፣ በጀቱ ስላልፈቀደ። ሁለቱ ውኃ ውስጥ ያሉ እንዲመስል አድርጎ ቀረጸው፣ ሰው ቆጥሮ አልደረሰበትም። እኔ እየቆጠርኩ ነው የማየው፣ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። ሰው እንዴት እንደተወጣው ይታያል። ኪንግ ኮንግም ላይ ጸጉሩ ያለ ነፋስ ሲርመሰመስ ታያላችሁ። አሻንጉሊቱን በየፍሬሙ የነካው የሠሪው ጣት ነው ጸጉሩን የሚያነቃንቀው። በኮምፒውተር የተሠራ ጭራቅ ላይ እንዲህ ያለ የእጅ አሻራ አይገኝም።

"ርካሽ ከሆነ ሁሉም ደስ ይላል"

ይሄኛው የእኛ የአፍቃሪዎቹ ስህተት ነው። በ1953 አንድ ዳይሬክተር ሮቦት ማሠሪያ ሲያጣ፣ የራሱ የጎሪላ ልብስ ያለው ተዋናይ ቀጥሮ ጭንቅላቱ ላይ የጠላቂ ቆብ የመሰለ ነገር ደፋበት። ሮቦት ነው ተባለ። አሥር ደቂቃ ያስቃል፣ ከዚያ በኋላ ያንገላታል። በ1957ቱ የግዙፍ ወፍ ፊልም ደግሞ ተዋንያኑ ከልባቸው ደንግጠው ይጮኻሉ። ወፏን ግን አላዩአትም፤ ያዩዋት ሲኒማ ቤት ነው። አንገቷ የተነጨ ዶሮ የመሰለች አሻንጉሊት ሆና ስትመጣ ሰው ሳቀ። ትወናቸው ስለሚያሳዝነኝ ይቺን አብሬ አልስቅባትም።

"የሠሯቸው ሰዎች የትም አልደረሱም"

የርካሽ ፊልሞች ሠሪው ሮጀር ኮርማን ሰው የምትበላ ተክል ያለችበትን የ1960 ፊልም በዋናነት የቀረጸው በሁለት ቀን ነው። ኋላ ዝነኛ ተዋናይ የሆነው ወጣቱ ጃክ ኒኮልሰን እዚያ ውስጥ አለ። ታላላቆቹ ዳይሬክተሮች ኮፖላ፣ ስኮርሴዚና ጄምስ ካሜሮን በኮርማን ደጅ አልፈዋል። በ2009 የክብር ኦስካር ተሰጠው፣ በ2024 በ98 ዓመቱ አረፈ። ያ ሰው በላ ሙጫም ቢሆን፣ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ሲሊኮን ነው፣ በ1958 ስቲቭ ማክዊንን ለዋና ተዋናይነት አብቅቷል። ፊልሙ ውስጥ ሰዎች ከሲኒማ ቤቱ እየጮኹ የሚወጡባት ፊኒክስቪል የምትባል የፔንስልቬንያ ከተማ ዛሬም ያንኑ ሩጫ በየዓመቱ ታከብራለች።

ማየት ለፈለገ አንድ ነገር ልንገር። ፒያሳ ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም ስታስጭኑ "ጎድዚላ" ብቻ ካላችሁ የ2014ቱንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው የሚሞሉላችሁ። "የ1954፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጃፓንኛ" በሉ፣ የ1956ቱ ከመጣም መልሱት። የጉንዳኑንና የኦክቶፐሱን ጨምሩበት። አብዛኞቹ ከ90 ደቂቃ ብዙም ስለማይዘሉ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃችኋል።