ስፕሊንት የወጌሻ ቀርከሃ አይደለም

በወሊድ ጊዜ ታፍነው፣ በማጅራት ገትር ታመው ወይም ወድቀው አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች አሉ። የብዙዎቹ እጅ ይጨበጣል፤ አንጓው ይታጠፋል፤ አውራ ጣት መዳፍ ውስጥ ይገባል። ለእነሱ ባለሙያ ስፕሊንት ይሠራል፤ ከፕላስቲክ ወይም ከጨርቅ የሚሠራ የእጅ ደጋፊ ነው። እዚህ ጎጃም ስለ እሱ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ።

«ወጌሻ እንደሚያስረው ነው፤ ጠበቅ ይበል።»

በጣም የምፈራው ይህን ነው። ወጌሻ በቀርከሃ የሚያስረው የተሰበረ አጥንት እንዳይነቃነቅ ነው። የእነዚህ ልጆች አጥንት ግን ደህና ነው። እጁ የሚጨበጠው አንጎል ለጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ስለተዛባ ነው። ጠብቆ የታሰረ ነገር ደም ይከለክላል። አጥብቆ በመታሰሩ ብቻ እጁ የተቆረጠ ልጅ በአገራችን አለ። ስለዚህ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ወዲያው አውልቁለት። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይም፤ ስታወልቁ በእጃችሁ ዳስሱት። የሞቀ ቦታ ካለው ወይም ስፕሊንቱ ቆዳው ላይ የተወው ምልክት በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ፣ መልሳችሁ ሳታደርጉለት ወደ ሠራው ባለሙያ ውሰዱት።

«ቀን ከሌት ካደረገው ይድናል።»

ስፕሊንት አንጎልን አያድንም። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከልምምድ ጋር ሲሆን መጠነኛ ጥቅም አለው፤ መልበሱ ሲቆም ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እጅ የሚማረው ሲሠራ ነው። መዳፉ ቀኑን ሙሉ ከተሸፈነ እንጀራውን በምን ይዳስሰው? ባለሙያው የነገራችሁን ሰዓት ጠብቁ፤ የቀረውን ጊዜ እጁ ይሥራበት። በቆሎ ስትፈለፍሉ ደካማው እጅ ይያዝ፣ ጤነኛው ይፈልፍል። ዳቦ ሲቆርስም በሁለት እጁ ይሁን። ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ሥራ ስጡት፤ ስለወደደው ይደጋግመዋል። ቢዘገይም አትቀሙት። እናቶች ስለሚያሳዝናቸው ቶሎ ይቀሙታል፤ ይገባኛል፤ ግን ያ እጅ ዕድሉን ያጣል።

«የታላቁ ይበቃዋል።»

አይበቃውም። የሚሠራው በልጁ እጅ ልክ ነው። ልጁ ራሱ ሲያድግ እንኳን ይጠበዋል፣ መለወጥ አለበት።

«ጠበል ከጀመረ ስፕሊንቱን ይተው።»

ለምን? አውልቆ ይጠመቅ፤ ቆዳው ሲደርቅ ይመለስለት። ብቻ የወለቀውን ስፕሊንት ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ብዙውን ጊዜ ፕላስቲኩ በሙቅ ውሃ ለስልሶ ነው የተቀረጸው፤ እንደገና ከሞቀ ቅርጹ ይጠፋል።