ተመስጦ ምንድን ነው?

የእጅ ሰዓቴ ባትሪ አልቆ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉ አንድ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ ይዘዋል። ከኋላቸው የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል። "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?" አልኩ። አልሰሙኝም። ብሎኗ ቦታዋን ስትይዝ ቀና አሉና "ውይ ልጄ፣ ቆየህ እንዴ?" አሉኝ። እስከዚያ ድረስ እኔ ስልኬን አራት ጊዜ ከኪሴ አውጥቻለሁ። የደወለልኝ ሰው ግን አልነበረም።

እሳቸው የነበሩበት ሁኔታ በቋንቋችን ስም አለው፤ ተመስጦ።

ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ነው። "መሰጠ" ማለት ነጠቀ፣ "ተመሰጠ" ደግሞ ተነጠቀ ማለት ነው። ሰው ልቡ በአንድ ነገር ተወስዶ ራሱን ሲረሳ ተመሰጠ እንላለን። ዛሬ ዛሬ ቃሉ ዓይን ጨፍኖ፣ እግር አጣጥፎ ለመቀመጥ ብቻ የተሰጠ ይመስላል። እሱም አንድ መንገድ ነው። ተመስጦ ግን ከዚያ ይሰፋል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አስታውሱ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የያዙትን ጦር ያሬድ እግር ላይ ተከሉት ይባላል። ደሙ ፈሰሰ። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ግን ንጉሡም አላዩም፣ ያሬድም አልተሰማውም። ሙስሊም ወዳጆቼ ደግሞ በሶላት ላይ ልብ ሙሉ በሙሉ ሲገኝ ኹሹዕ ይሉታል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠዓሊዎችን፣ ተራራ ወጪዎችንና የቼዝ ተጫዋቾችን አጥንቶ፣ ሰው በሥራው ሲዋጥ የሚሰማውን ስሜት "ፍሎው" ብሎታል።

ታዲያ ስልክም ይነጥቀን የለም? ይነጥቃል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር በርግቦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ቁልፍ በመንቁሯ ስትቆረቁር ምግብ የምታገኝ ርግብ፣ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ካላወቀች ሳታቋርጥ እንደምትቆረቁር አሳይቷል። ስልካችንም እንደዚያ ነው። አንዴ ደስ የሚል መልእክት፣ አንዴ መርዶ፣ አንዴ ምንም። ስለማናውቅ ደጋግመን እንከፍታለን። በጣት ቢሳብ ቢሳብ ማለቂያ የሌለውን የስክሪን ገጽ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ኤዛ ራስኪን ራሱ ኋላ ላይ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ልዩነቱን በራሴ አየዋለሁ። አንድ ሰዓት ቲክቶክ ላይ ቆይቼ ስነሣ ሦስተኛውን ቪዲዮ አላስታውሰውም። ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ምን እንደጎደለኝ አላውቅም። ከተመስጦ የወጣ ሰው ግን የነበረበትን ያውቃል። ሰዓት ሠሪው ብሎናቸውን አስገብተዋል።

ተመስጦ በትእዛዝ አይመጣም። የእኛ ድርሻ ጥሞና ነው፦ ዝም ማለት፣ ጆሮ መስጠት፣ አንድ ነገር ላይ መቆየት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አራዳ ጊዮርጊስ ግቡ። ውጭ ፒያሳ ሥራዋን ጀምራለች። ዛፍ ሥር ነጠላ ያጣፉ እናት የዕለቱን ዳዊት ይደግማሉ። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ የሚቸኮልበት ነገር የለም። ጣታቸው መስመሩ ላይ ናት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ቆይቶ ጣታቸው ትቆማለች። ከንፈራቸውም ይቆማል። ገጹ ግን አልተገለጠም። እዚያች መቆም ላይ ያለው ነገር ነው ተመስጦ።

ዳዊት ለማይደግም ሰው ቡናም ይሆናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ላይ እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል፤ ጭንቅ ጭንቅ ይላል። እኔ ቶና ላይ ስደርስ ነው የሚለቀኝ። ያኔ የእናቴን ድምፅ በደንብ እሰማለሁ። የምታወራው ያንኑ የጎረቤት ወሬ ነው፤ ግን ፊቷን እያየሁ እሰማታለሁ።

ሰዓቴ አሁን ይሠራል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልኬን አላወጣም። ባትሪ ልቀይር የሄድኩትም ለዚሁ ነበር።